ጠዋት አልነሳም ያለ ኮምፒውተር

ልጆች፣ ኦቨርክሎክ አታድርጉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ አታስሩጡ ልላችሁ አይደለም። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ነበር። የባሱን (ፕሮሰሰሩ ከሌላው የማሽኑ ክፍል ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ ስታደርጉት ባለ 300ው በ450 ይሮጥላችኋል። ያን ጊዜ ለእኛ ከዚህ በላይ ደስታ አልነበረም።

የእኔው ግን 100 ላይ እምቢ አለኝ። 83 ላይ ተውኩት። ተነሳ፣ ዊንዶውስ ገባ፣ በቃ ተሳካልኝ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ፋይሎቼ አንድ በአንድ ይበላሹ ጀመር። ለካ በዚያ ማዘርቦርድ ላይ ባሱ ሲፈጥን ፒሲአዩም (ሃርድ ዲስኩና ካርዶቹ የሚገናኙበት መስመር) አብሮ ይፈጥናል። በ33 ሜጋኸርዝ መሄድ የነበረበት ከ41 በላይ ደርሶ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ይዛባ ነበር። እኔ ደግሞ ጥፋቱን በሃርድ ዲስኩ አላክኬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱ ላይም ያው ሆነ።

ስለዚህ ዛሬ "አልነሳ አለኝ" ብሎ ለሚመጣ ልጅ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ምን ቀየርክ? "ኧረ ምንም አልነካሁም!" ይለኛል። ጥቂት ቆይቶ፣ "እ... ኤክስኤምፒ ብቻ አብርቼ ነበር።" ያ "ብቻ" ነው ጉዱ። ኤክስኤምፒ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስሮጥ ቅንብር ነው፤ እሱም ኦቨርክሎክ ነው። 3600 ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲዲአር4 ራም ካልነካችሁት ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2666፣ በ1.2 ቮልት ነው የሚነሳው። 3600 እንዲደርስ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይፈልጋል።

እንግዲህ ፓወር ሰፕላይ ልትገዙ ከመሮጣችሁ በፊት ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን፣ እነዚህን ቅንብሮች የያዘውን ፕሮግራም) ወደ ነበረበት መልሱት። ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ስፒናውን ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ከዚያ ሲአር2032 የምትባለውን፣ ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ አውጡና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ማዘርቦርዱ ሲሞስ (የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበት) ማጽጃ ሁለት ፒን ካለው፣ ቦታውን ከመመሪያው ላይ አይታችሁ በካቻቢቴ ጫፍ አገናኟቸው። ስፒናው ሳይነቀል እንዳትሞክሩት!

መልሳችሁ ስታበሩት አትቸኩሉ። በተለይ ዲዲአር5 ከሆነ፣ ማሽኑ ራሙን እየፈተሸ እስኪስማማው ድረስ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። ፋኑ ይዞራል፣ ምንም አይታይም። ስንቱ ልጅ እዚህ ላይ ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶ "ሞተ" ብሎኛል። ተዉት፣ ይጨርስ።

አሁንም እምቢ ካለ ማዘርቦርዱ ላይ የምትበራውን ትንሽ መብራት እዩ። ራም የሚለው ጋ ከቆመች፣ አንድ ራም ብቻ አስቀሩና ብዙ ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛ በሆነው ቦታ ሰኩት። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ ስምንት ፒን የኃይል ገመድ መግባቱን፣ የሞኒተሩ ኬብልም ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዩ። ያሳፍራል እንጂ እኔም ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጠዋት በመጀመሪያው አልነሳ ብሎ በሁለተኛው የሚነሳው ነው። ባለቤቱ ይለምደዋል፤ "ጠባዩ ነው" ይላል። ጠባይ አይደለም። ባዮሱ ከፋብሪካ እንደመጣ ሲሆን ይህ ከጠፋ፣ ራሙ አቅሙ ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቮልቴጅ ለመጨመር አትጣደፉ። በፕሮሰሰሩም ቢሆን፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትጨምሩ የሚበላው ኃይል 20 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ይልቅ የራሙን ፍጥነት አንድ ደረጃ አውርዱት። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። ስልክ ላይ አይሁን፤ ታጠፉታላችሁ። ሌሊቱን ሜምቴስት86 የሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ይፈትሸው። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ አንድ ደረጃ እንደገና ዝቅ አድርጉት። ካለፈም በማግስቱ ማታ አጥፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫኑ። በመጀመሪያው ከተነሳ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ አክብቡት።