ቢጫው አምፖል ለምን ይቃጠላል? ጠይቁኝ

ሰበታና ዓለም ገና አካባቢ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር እዘረጋለሁ። ሽቦው ግሎ ስለሚያበራው ስለ ድሮው ቢጫ አምፖል የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥ፦ ወንድሜ፣ የእኔ አምፖል ማታ ሲበራ አምሽቶ ደህና ነው። በማግስቱ ማብሪያውን ስጫነው ቦግ ይልና ድርግም! ለምን?

መ፦ አብዛኛው እንደዚያው ነው የሚሞተው። ሽቦው ታንግስተን የሚባል ብረት ነው፤ የሚቀልጠው 3,422 ዲግሪ ላይ ሲሆን 2,500 አካባቢ ግሎ ይሠራል። ሲቀዘቅዝ ግን ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ከ10 እጥፍ በላይ ይወርዳል። ባለ 100 ዋቱ በ220 ቮልት ከጋለ በኋላ የሚስበው 0.45 አምፔር ገደማ ነው፤ ገና ሲጫኑት ግን ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ብረቱ ሲግል ስለሚተን በጊዜ ብዛት የሳሳ ቦታ ይኖረዋል፤ ያ ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይግልና እዚያው ላይ ይበጠሳል። ያረጀ አምፖል አውልቀህ ብርጭቆውን ከውስጥ በኩል እየው፣ ጠቁሯል። ጥላሸት እንዳይመስልህ፣ የተነነው ብረት ነው።

ጥ፦ ውስጡ ባዶ አይደለም እንዴ?

መ፦ የጥንቱ ባዶ ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሙዊር ጋዝ የተሞላውን አመጣ። አሁን አርጎንና ጥቂት ናይትሮጅን ነው። ጋዙ ብረቱ ቶሎ እንዳይተን ያግዳል፤ በምላሹ ሙቀት ይወስዳል። ሽቦው የተጠቀለለውም ጋዙ የሚወስደው ሙቀት እንዲቀንስ ነው። ብልህ ሥራ ነው በእኔ ዓይን።

ጥ፦ መብራት ሲደክም ይጎዳዋል?

መ፦ ኧረ እንዲያውም ዕድሜው ይረዝማል፤ ቀላ ብሎ ማብራቱ ነው እንጂ። ጣጣው ሲበረታ ነው። ቮልቱ 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ጥ፦ ጫጩት አሳድጋለሁ። ልጄ «በኤልኢዲ ቀይሪው፣ ቆጣቢ ነው» ይለኛል።

መ፦ እትዬ፣ ለሳሎን ልክ ነው፤ ለጫጩቶቹ ግን እንዳይሰሙት! ቢጫው ከሚበላው ብርሃን የሚሆነው 5 በመቶ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው፣ እርስዎም የሚፈልጉት እሱን። በአንድ ባለ 100 ፈንታ ሁለት ባለ 60 ያድርጉ፤ ሌሊት አንዱ ቢቃጠል በአንዱ ያነጋሉ። ከገለባው በደንብ ከፍ ይበል፣ እሳት እንዳያስነሳ።

ጥ፦ ውሃ ቢረጭበትስ?

መ፦ የጋለ ብርጭቆ ነውና ይሰነጠቃል። አየር ከገባ ደግሞ ሽቦው ወዲያው ይነዳል።