ፍራሹ ሥር የተገኘው የብስኩት ወረቀት

ከጎንደር ማራኪ የጻፈችልኝ እናት የ9 ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ከሁለት ዓመት ወዲህ ክብደት ጨምራለች። አጎቷ «ድቡልቡሌ» ይላታል። እናት ስትጨነቅ በየእሑዱ ሚዛን ላይ ታወጣት ጀመር። ወንድሟ ሙሉ እንጀራ ሲበላ ለእሷ ግማሽ ታቀርባለች። ባለፈው ሳምንት አልጋ ስታነጥፍ ፍራሹ ሥር የብስኩት ወረቀቶች አገኘች። አማቷም «ልጄን በረሃብ ልትፈጃት ነው» ብለው ተቆጥተዋል። «ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ ያስጨነቀሽ ፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን ልጅሽ ከዚያ ግማሽ እንጀራ የተረዳችው «ችግሩ እኔ ነኝ» የሚል ነው። ምግብ የተከለከለ ልጅ ስለ ምግብ አብዝቶ ያስባል። ሲያገኝ ተደብቆ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ሆዱ «በቃኝ» ሲል እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ ሚዛኑን ከቤት አውጪው፤ ግማሽ እንጀራውም ይቅር።

በዚህ ዕድሜ ቁመት ገና እየጨመረ ነው። ብዙ ጊዜ መክሳት አያስፈልግም፤ ክብደቱ ረጋ ካለ ቁመቱ ይደርስበታል። ለማረጋገጥ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ቁመቷንና ክብደቷን ከዕድሜዋ ጋር አያይዘው ይዩላት። ውጤቱን ግን እሷ ፊት አታውሩት።

ለውጡ የቤቱ ሁሉ ይሁን። በ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ለእሷ የማይሆን ለአባቷም አይሁን፤ ገበታ ላይ ውኃ ይቅረብ። ምንና መቼ እንደሚበላ አንቺ ወስኚ፤ ምን ያህል እንደምትበላ ለእሷ ተዪላት። ቴሌቪዥኑን አጥፉና ከአንድ ትሪ ብሉ።

ከትምህርት ቤት በባጃጅ እንደምትመለስ ነግረሽኛል፤ በእግር ደግሞ 20 ደቂቃ ነው። ማታ ማታ አብራችሁ በእግር ተመለሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። የጎንደር ዳገት ደግሞ በነፃ ነው። መንገድ ላይ ስለ ክብደት አታንሺባት፤ የቀኗን ወሬ ታውራሽ።

አማትሽን አትጋፊያቸው። የ1977ቱን ድርቅ ያዩ ሴት ናቸው ብለሻል። ለእሳቸው ሞላ ያለ ጉንጭ ማለት የተረፈ ልጅ ማለት ነው። ጉርሻውን አትከልክያቸው፤ ከጠገበች በኋላ የሚመጣውን «በሞቴ» ብቻ ይተዉላት። ቅዳሜ ገበያ ይዘዋት ይውጡ፤ ጎመኑንና ካሮቱን እሷ ትምረጥ፣ ሽንብራ ቆሎውን አብረው ይቁሉ። እመኚኝ፣ ደስ ይላቸዋል።

አጎቷን ባለቤትሽ ለብቻው ጠርቶ ያናግረው። «ቀልድ እኮ ነው» ይል ይሆናል። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ስሟ አለ፤ በስሟ ይጥራት።

ስለ ወረቀቱ አትቆጫት፤ «ማን ሰጠሽ?» ብለሽም አትመርምሪያት። ዛሬ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጪና «ሲርብሽ ንገሪኝ፤ አብረን እንበላለን» በያት።