ወጥቼ ስመለስ ቁጥሬ ይጠብቀኛል? ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከወጣሁ 6 ዓመት ሆነኝ፤ የ09 ቁጥሬ ግን ዛሬም ይጠራል። ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ስለ ሻንጣ ኪሎ ቀድሞ ይጠይቀኛል። ስለ ሲሙ የሚጠይቀኝ ከተዘጋበት በኋላ ነው። ይሄ ነገር ስለሚያሳስበኝ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ከአዳማ፦ ለ5 ወር ዱባይ እሄዳለሁ። 200 ብር ካርድ ሞልቼ ብሄድ አይበቃም?

ብቻውን አይበቃም። የቅድመ ክፍያ ቁጥር የሚኖረው በብር ብቻ አይደለም፤ ቀንም አለው። አሁኑኑ *804# ደውል። ቀሪ ሒሳብህን ይነግርሃል፣ ከጎኑ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን ይጽፍልሃል። ብዙ ሰው ብሩን ያይና ቀኑን ሳያነብ ያልፋል። ከብሩ ይልቅ ለአንተ የሚያስፈልግህ ያ ቀን ነው። ከመመለሻህ በፊት የሚያልቅ ከሆነ በመሃል የሚሞላልህ ሰው ያስፈልግሃል። ሳትሄድ 994 ደውለህ «ሳልጠቀም ብቆይ ቁጥሬ መቼ ይነሳል?» ብለህ ጠይቅና የሚሉህን ቀን ጻፈው።

መዘጋቱ አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ነው። መጀመሪያ መደወል አትችልም። ቀጥሎ መቀበልም ይቆማል። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ከስምህ ይነሳና ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። ከ09 በኋላ ያሉት 8 አሃዞች ናቸው፤ በነሱ ሊወጣ የሚችለው ቁጥር ከ100 ሚሊዮን አይበልጥም። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ከ70 ሚሊዮን በላይ የሞባይል ደንበኛ አለው። ዝም ያለ ቁጥር ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥር ላላችሁም መርሁ ያው ነው።

ከሐዋሳ፦ ሲሙን ይዤ ልሂድ ወይስ ለወንድሜ ትቼለት ልሂድ?

ከሁሉም ብዙ የተጠየቀው ይሄ ነው። ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ቁጥርሽ ምን ምን ነገር እንደሚከፍት ቁጭ ብለሽ ጻፊ። ቴሌብር፣ የባንክ መተግበሪያ፣ ፋይዳ፣ ቴሌግራም፣ ጂሜይል። ፋይዳን ዲጂታል አድርገሽ ለማውረድ የማረጋገጫ ኮዱ በአጭር መልእክት የሚመጣው በተመዘገብሽበት ስልክ ነው። ባንኩም እንደዚያው። ድሮ ቁጥር ለመደዋወያ ብቻ ነበር። ዛሬ የቤትሽ ቁልፍ ነው፤ ለማን እንደምትሰጪው በዚያ ልክ አስቢበት።

ይዘሽ ብትሄጂ ጥቅሙ ኮዱ በእጅሽ መሆኑ ነው። ነገር ግን ሲሙ ሮሚንግ (በሌላ አገር ኔትወርክ የሚሠራበት አገልግሎት) ካልሠራ ወይም ሒሳብ ከሌለው ዝም ያለ ፕላስቲክ ነው። ሮሚንግ መከፈቱን አገር ውስጥ እያለሽ አረጋግጪ። ቦሌ ደርሰሽ በሩ ላይ የምትጠይቂው ነገር አይደለም።

ለወንድምሽ ብትተዪለት ቁጥሩን ማቆየት ይቀላል። በትንሽ ቀፎ ውስጥ ያስገባዋል፣ በሳምንት አንዴ ይደውልበታል፣ ካርድ ይሞላበታል። ኮድ ሲመጣ አንብቦ ይልክልሻል። እኔ ያቆየሁት በዚህ መንገድ ነው። እናቴ ቤት ቡፌው ላይ፣ ቻርጀር የተሰካበት አንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ቀፎ አለ። ጀርባው ላይ በፕላስተር ስሜ ተጽፏል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታናሽ እህቴ ከሱ ወደ ራሷ ስልክ ትደውላለች፤ ግማሽ ደቂቃ ታወራበታለች።

አደጋውን ግን ሳልናገር አላልፍም። ሲሙ በስምሽ ነው የተመዘገበው። በሱ ሌላ ሰው ቢያስፈራራ ወይም ቢያጭበረብር የሚጠራው ያንቺ ስም ነው። ሲሙን የያዘ ሰው ኮዱንም ያያል። ስለዚህ የምትተዪለት ሰው ገንዘብሽን ብትሰጪው የምታምኚው ሰው ይሁን። የቴሌብርና የባንክ የሚስጥር ቁጥርሽን ለሱም ቢሆን አትንገሪው። ኮድ ሲልክልሽም አንቺ ራስሽ የጠየቅሽውን ብቻ ይላክልሽ። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሰው ቢደውል ስልኩን ይዝጋው። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፈሽ ቀፎው ላይ ለጥፊለት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ከመሄድሽ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ውክልና ስጪው። በውክልናው ላይ «ሲም ካርድ ማውጣትና መተካት» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ። ጠቅላላ ውክልና ይዘው ሄደው ይህ ቃል ስለሌለበት የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ከሻርጃ፦ እዚህ ሆኜ ካርድ እንዴት ልሙላ?

ቀላሉ መንገድ አገር ቤት ያለ ሰው በቴሌብሩ ለአንተ ቁጥር የአየር ሰዓት እንዲገዛ ማድረግ ነው። ሰው ከሌለህ ዲንግን የመሳሰሉ የውጭ መተግበሪያዎች አሉ፤ በባንክ ካርድህ ከፍለህ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ይሞሉልሃል። ትንሽ ያስከፍላሉ። ስልክህ ላይ በየወሩ የሚጮህ ማስታወሻ ሙላ። ሰው ቁጥሩን የሚያጣው ብር አጥቶ ሳይሆን ረስቶ ነው።

ከቶሮንቶ፦ ሮሚንግ ከፍቼ ነው የወጣሁት። ምንም ሳልደውል ሒሳቤ አለቀ። ምን በላው?

ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ።

አንደኛ ዳታ። ሮሚንግ ዳታ ክፍት ከሆነ ስልኩ ራሱ ከጀርባ ይበላል። በቅንብሩ ውስጥ ለኢትዮጵያው ሲም ብቻ ለይተሽ ዝጊው።

ሁለተኛ የሚገባ ጥሪ። አገር ቤት ሆነሽ ስትቀበዪ አትከፍዪም፤ ውጭ ግን ትከፍያለሽ። ለዘመዶችሽ አዲሱን ቁጥር ስጪና በኢትዮጵያው ከኮድ በስተቀር ምንም አትቀበዪበት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀፎሽ አይፎን ከሆነ አይሜሴጅንና ፌስታይምን በቁጥርሽ ለመክፈት ስልኩ በድብቅ የዓለም አቀፍ አጭር መልእክት ይልካል። ሲም በቀየርሽ ቁጥር ይደግመዋል። ጥቂት ብር ላላት ሲም ያ ብቻውን ይበቃል። ሁለቱንም በኢሜይልሽ ብቻ እንዲሠሩ አድርጊ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፦ እዚህ አዲስ አይፎን ገዛሁ። የኢትዮጵያ ሲሜን የማስገባበት ቀዳዳ ግን አጣሁ።

አላጣኸውም፤ የለውም። ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም። በኢሲም፣ ማለትም ቀፎው ውስጥ በተሠራ ዲጂታል ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ከአገር ቤት ይዘኸው የመጣኸውን ቀፎ አትሽጠው፣ ለማንም አትስጠው። ሲሙ እሱ ውስጥ ይቆይ።

በጣም አሮጌ ቀፎ ግን እዚህ አገር ኔትወርክ አያገኝም። ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ ሞባይልና ቬራይዘን በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ዘግተዋል። 4ጂ የሚይዝ ቀፎ ይሁን።

ከናዝሬት መስመር፦ ቁጥሬ ቢዘጋ ቴሌግራሜም አብሮ ይጠፋል?

ወዲያው አይጠፋም። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሲሙን የሚፈልጉት ስትገቢ ነው፤ ከገባሽ በኋላ በማንኛውም ኢንተርኔት ይሠራሉ። የሚያስፈራው ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው። ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት ኮዱ ወደ እሱ ሊሄድ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካላደረግሽ የድሮ ወሬሽን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ዛሬውኑ አድርጊው።

አገር ለቀሽ የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ቁጥርሽን በአዲሱ ቀይሪ። ወሬሽም ግሩፕሽም ከነበሩበት አይነቃነቁም። ዋትስአፕም ቁጥር መቀየሪያ አለው። ዋትስአፕ ለ120 ቀን ካልተከፈተ አካውንቱን እንደሚያጠፋ አትርሺ።

ከሪያድ፦ ለእረፍት ወሎ ልሄድ ነው። የሳውዲ ቁጥሬ ከአብሸር (የሳውዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት) ጋር የተያያዘ ነው።

ወንድሜ፣ ያንን ሲም እንደ ፓስፖርትህ ያዘው። የአብሸር ኮድ በሱ ነው የሚመጣው፤ አገር ቤት ሆነህ ያለ ኮድ መግባት ያስቸግርሃል። የሳውዲ ሲም በአሻራና በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ስለሚመዘገብ ከሩቅ ሆኖ መተካትም ከባድ ነው። ከመብረርህ በፊት ካርድ ሙላ፣ ሮሚንግ አስከፍት፣ ወሎ ስትደርስ አንድ ኮድ አስልከህ ሞክረው።

ከሲያትል፦ አባቴን ላስታምም አዲስ አበባ 4 ወር እቆያለሁ። የአሜሪካ ቁጥሬ ቅድመ ክፍያ ነው። በየወሩ መክፈሉ ከበደኝ።

እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ።

ክፍያውን ዝም ብለሽ አታቋርጪ። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋ ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። 4 ወር ብዙ ነው።

ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ካለሽ ፓኬጅ ወደ ትንሹና ርካሹ መውረድ ነው። የዋይፋይ ጥሪ ካለው ሳትሄጂ አብሪው፤ አዲስ አበባ ዋይፋይ ላይ ሆነሽ ኮድ ልክ ሲያትል እንዳለሽ ይገባልሻል። ሁለተኛው ቁጥሩን ወደ ጉግል ቮይስ ማዛወር ነው። 20 ዶላር አንዴ ትከፍያለሽ፤ ከዚያ ወርሃዊ ክፍያ የለም። ችግሩ አንዳንድ ባንኮች ወደ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ኮድ አለመላካቸው ነው። ባንክሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ማዛወሩ እስኪያልቅ የድሮውን መስመር አትዝጊ፤ ከዘጋሽው የሚዛወር ነገር የለም።

ከለንደን፦ ጊፍጋፍ የሚባለውን የእንግሊዝ ሲም ነው የምጠቀመው። ስወጣ እንዳይዘጋብኝ ምን ላድርግ?

በ6 ወር ውስጥ አንዴ ተጠቀሚበት። አንድ አጭር መልእክት ይበቃል።

ከቤይሩት፦ የኢትዮጵያ ቁጥሬ ከተዘጋ ቆየ። ባንኬ የተመዘገበው በሱ ነው። አበቃልኝ?

አላበቃልሽም፣ እህቴ፤ ግን ፍጠኚ። መጀመሪያ ወደ ቁጥሩ ደውዪ። «አይገኝም» ካለሽ ገና ለሌላ ሰው አልተሰጠ ይሆናል፤ ዕድል አለሽ። ሌላ ሰው ካነሳው ግን ወዲያው ለባንክሽ አሳውቂና ቁጥሩን ከሒሳብሽ አስነሺ። ያ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ያንቺ የባንክ መልእክት ግን ወደ እሱ እየገባ ነው።

ቁጥሩን ለማስመለስም ሆነ በባንክ ለመቀየር ወኪል ያስፈልግሻል። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ታዘጋጂያለሽ፣ ወደ አገር ቤት ትልኪያለሽ፣ እዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ጊዜ ይወስዳል። እኔም አንዴ ሲሜን አውሮፕላን ውስጥ ስቀይር ከጣቴ አመለጠችኝ። ከጥፍር የማትበልጥ ነገር ናት፤ ወንበሩ ሥር ገባች፣ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። እናቴ ውክልና ባይኖራት ኖሮ ያ ቁጥር ዛሬ የእኔ አይሆንም ነበር።

ከደሴ፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ዘንድ አሜሪካ 6 ወር እቀመጣለሁ። ያለችኝ ባለ ቁልፏ ስልክ ናት። ጡረታዬም ዕቁቤም በሷ ነው የሚነገረኝ። ምን ላድርግ?

እማማ፣ ስልኳን ይዘው አይምጡ። እዚህ ኔትወርክ አታገኝም፤ እርስዎም በከንቱ ይጨነቃሉ። አገር ቤት ለሚያምኑት ልጅ ወይም ለጎረቤት ይተዉዋት። መልእክት በገባ ቁጥር ደውለው ያንብቡልዎት። ዕቁቡን ለሚሰበስበው ሰው ደግሞ የልጅዎን የአሜሪካ ቁጥር አሁኑኑ በወረቀት ጽፈው ይስጡት። የሚደውሉላቸውን ሰዎች ቁጥርም ከስልኳ ላይ ወደ ደብተር ያስገልብጡ፤ ደብተሩን በእጅ ቦርሳዎ ይያዙት። ሲመጡ ልጅዎ ቴሌግራም ትከፍትልዎታለች፤ ደሴ ያሉትን ፊታቸውን እያዩ ያናግሯቸዋል። መልካም መንገድ ይሁንልዎ።