«የሚፈራ ቪዲዮ» ወይስ «የሚያስፈራ»?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እኔ አንድ ሰው ቀርጾት ጠፍቶ በኋላ ካሜራው ብቻ የተገኘ የሚመስሉ ሆረር ቪዲዮዎች ፖስት አደርጋለሁ። «በጣም የሚፈራ ቪዲዮ ለብቻህ እንዳታይ» ብዬ ስጽፍ አንዱ «የሚያስፈራ ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ፣ ልክ ነው? ደሞ ባዶ ኮሪደር ብቻ ለሚታይበት ቪዲዮ «አስፈሪ» ይበቃል ወይ? የዚህ ዓይነቱን ቪዲዮስ በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ያረመህ ሰው ልክ ነው። «የሚፈራ» ሁለት ንባብ አለው፣ ፈ ሲላላ ራሱ ፍርሃት ያለበት ማለት ነው፣ ፈ ሲጠብቅ ደሞ ሌሎች የሚፈሩት፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው የቱን እንዳሰብክ አያውቅም። ቪዲዮው ሌላው ላይ ፍርሃት የሚፈጥር ከሆነ «አስ» ያስፈልገዋል፣ የሚያስፈራ፣ አስፈሪ። «አስ»ን ስታወጣው እኮ የሚቀርህ «ፈሪ» ነው፣ ፈሪ ቪዲዮ ደሞ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ለኔ የበለጠ ደስ የሚል ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ ፍርሃትን በአንድ ቃል አይጨርሰውም፣ እኛ ነን ሁሉን «አስፈሪ» ውስጥ የምንከተው። «ለማየት ፈራሁ» ትላለህ አይደል? «ለማየት ደነገጥኩ» ግን አትልም፣ ጆሮ አይቀበለውም። ፍርሃት ከነገሩ በፊት ይመጣል፣ ይቆያል፣ ድንጋጤ ግን ነገሩ ከደረሰ በኋላ ወይ እዛው ላይ ነው የሚመታህ ወዲያው ደሞ ይለቅሃል። ስለዚህ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚጮህ ፊት ስክሪኑን የሚሞላበት፣ ጃምፕስኬር የሚሉት፣ እሱ አስደንጋጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ አስፈሪ እንኳን አይደለም።

ሌሎቹ ደሞ ያለ «አስ» ነው የሚሠሩት፣ ቀፈፈኝ፣ ሰቀጠጠኝ፣ ዘገነነኝ። እዚህ ላይ አንተ አድራጊው አይደለህም፣ ነገሩ ሰውነትህ ላይ መጥቶ ያድርብሃል፣ «ቪዲዮው ቀፈፈኝ» ያለ ችግር ይሄዳል «ቪዲዮው ፈራኝ» ብትል ግን ቪዲዮው እኔን ፈራ ማለት ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ «ዘግናኝ»ን ደምና የተቆረጠ አካል ላለበት ተውለት፣ ለባዶ ኮሪደር ከሆነ «የሚቀፍ» ነው ቃሉ።

ምሳሌ ልስጥህ። በፈረንጆቹ 1999 የወጣው ብሌር ዊች ፕሮጀክት የሚባለው ፊልም ላይ ጠንቋይዋ አንዴም አትታይም፣ ሦስት ወጣቶች ጫካ ውስጥ ጠፍተው ካሜራ ይዘው ሲሄዱ ነው የምናየው፣ መጨረሻ ላይም አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ጥግ አዙሮ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚታየው፣ በቃ። ማንም አልጮኸብህም ግን ይሰቀጥጥሃል። ኬን ፓርሰንስ የሚባለው ወጣት በ2022 ዩቲዩብ ላይ የለቀቀው የባክሩምስ (ማለቂያ የሌላቸው ባዶ ክፍሎች) ቪዲዮ ደሞ ሁለቱንም ያሳይሃል፣ ቢጫ ግድግዳው ማለቂያ ሲያጣ፣ መብራቱ እዝዝ ሲል፣ ካሜራ የያዘው ልጅ እየተነፈሰ ሲዞር እስከዛ ድረስ ይቀፍሃል፣ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ሲያባርረው ያኔ ትደነግጣለህ። በኔ እምነት የዚህ ዓይነት ሥራ ጉልበቱ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፣ የሚቀርጸው ሰው ስለማይታይ ካሜራውን የያዝከው አንተ የሆንክ ያህል ይሰማሃል፣ ፈራ ሳይሆን ፈራሁ ትላለህ። እና ፖስትህ ላይ «አስደንጋጭ» ብለህ ጽፈህ ባዶ ኮሪደር ብታሳይ ሰው ጩኸት ሲጠብቅ ቆይቶ ተታለልኩ ይላል፣ ቃሉ ራሱ ቃል መግባት ነውና።

ስሙን በተመለከተ ብዙ ሰው ፋውንድ ፉቴጅ ይላል፣ ችግር የለውም። በአማርኛ ካልክ ግን «የተገኘ ቀረጻ» ብቻ አትበል፣ እውነት የተገኘ ያስመስለዋል፣ የውሸት ቪዲዮ እንደ እውነት በሚዞርበት ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። «ተገኘ የተባለ ቀረጻ» በለው፣ «የተባለ» የምትለዋ ቃል እኔ አላረጋገጥኩም ማለት ነች፣ ጨዋታውንም አታበላሽብህም። ፖስትህን እንዲህ ብታስተካክለው ይበቃል፦ «ተገኘ የተባለ ቀረጻ፣ በጣም ይቀፋል፣ ለብቻህ እንዳታይ»።