ሸረሪቷን ከሲቪሽ ላይ አታውጫት

ከጎንደር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባቸው ባጭሩ ልናገር። በባዮሎጂ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ጥናትሽ የአንዲት ዘላይ ሸረሪት የማይቶኮንድሪያ ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤው) ነው። ለላቦራቶሪ ኬሚካል ስላልተገኘ ጂንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ መረጃ ማከማቻ ላይ በነፃ የተቀመጠ ዳታ አውርደሽ፣ ጂኖቹን አንድ በአንድ ለይተሽ፣ ሸረሪቷ ከማን ጋር እንደምትዛመድ የዘር ሐረጓን ሠርተሻል። ከተመረቅሽ ስምንት ወር ሞላሽ። ሥራ የለም። እናትሽ «ሸረሪት እንጀራ አትሆንም» ይላሉ። ጓደኞችሽ «ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም ብትማሪ ይሻልሻል» ይሉሻል። አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ደግሞ «ሸረሪቶች ያዢና ላኪልኝ» ብሎሻል። ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ የጥናቴን ርዕስ ከሲቪዬ ላይ ላውጣው ወይ?

አታውጪው። አሁን እንደተጻፈ ግን አይቀመጥ።

ሲቪሽ ላይ ያለው ርዕሱ ብቻ ነው። ቀጣሪው ሲያነበው የሚታየው ሸረሪት ነው፣ በቃ። ደብዳቤሽ መሃል ላይ ግን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር አለች። «ጂን የሚፈልገው ፕሮግራም 22 የቲአርኤንኤ ጂን ማግኘት ሲገባው 19 ብቻ ሰጠኝ፤ አድቫይዘሬ ዳታውን ድጋሚ አውርጂው አለኝ፤ ሦስት ሌሊት ፈልጌ ሦስቱንም አገኘኋቸው» ትላለች። እኔ እዚያች ላይ ቆምኩ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ማይቶኮንድሪያ በሴላችን ውስጥ ጉልበት የሚያመነጨው ክፍል ነው። የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ ዲኤንኤ ደግሞ በአራት ዓይነት ኬሚካላዊ «ፊደል» እንደተጻፈ ጽሑፍ ነው። የሰው 16,569 ፊደል ነው፤ የሸረሪቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 15 ሺህ አካባቢ ነው። በአብዛኞቹ እንስሳት ውስጥ እዚህ ላይ 37 ጂኖች አሉ፦ 13 ፕሮቲን የሚሠሩ፣ 2 የአርአርኤንኤ፣ 22 ደግሞ የቲአርኤንኤ። ሁለቱም አርኤንኤዎች ሴሉ ፕሮቲን ሲሠራ ያግዛሉ፤ ቲአርኤንኤ ጥሬ ዕቃውን ተሸክሞ ያቀርባል። ቲአርኤንኤ ሲታጠፍ መስቀል ይመስላል። ፕሮግራሙም የሚፈልገው ያንን መስቀል ነው። የሸረሪቶች ቲአርኤንኤ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ክንዱ የለም። ተቆርጦ አጥሯል፣ ሥራውን ግን ይሠራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሙሉ መስቀል ሲፈልግ ክንድ የሌለውን ዘሎት ያልፋል።

አንቺ ምን አደረግሽ? ዳታውን መልሰሽ አወረድሽ። ያው ሆነ። በሁለት ጂኖች መካከል 50 ምናምን ፊደል ያለ ባለቤት ተቀምጦ አየሽ። ያንን ክፍል ከሌሎች ዘላይ ሸረሪቶች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ፊደል በፊደል አነበብሽ። መሃሉ ላይ ያሉት ሦስቱ የመለያ ፊደሎች ሲገጥሙልሽ ጂኑ እዚያው እንደነበረ አወቅሽ። ማሽኑ «የለም» ሲል «በእርግጥ የለም ወይስ አላየኸውም?» ብለሽ ጠየቅሽ። እህቴ፣ ሰው የሚቀጠረው ለዚህ ነው። ይህን ሲቪሽ ላይ አልጻፍሽውም።

አሁን ሥራው የት አለ ወደሚለው ልምጣ። «የሸረሪት ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታይም። እናትሽ በዚህ ልክ ናቸው። ያነበብሽው ጂን ግን የሸረሪት ብቻ አይደለም። ፕሮቲን ከሚሠሩት 13 ጂኖች አንዱ፣ ኮክስ-1 የሚባለው፣ የእንስሳትን ዝርያ ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው። ከእሱ 650 አካባቢ ፊደል ካነበብሽ ብዙ ጊዜ የእንስሳውን ማንነት ትደርሺበታለሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለአገራችን አዲስ የሆነች የወባ ትንኝ ተገኘች። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነበረች፣ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባዋ። እሷ መሆኗ ከተረጋገጠባቸው ጂኖች አንዱ ይኸው ኮክስ-1 ነው። ራስሽ አገር ደግሞ ካላዛር የሚባለው በሽታ አለ። ከመተማና ከሁመራ እርሻ ታመው የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች ጎንደር ሆስፒታል በር ላይ አይተሻቸው ይሆናል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። የአሸዋ ዝንብ ዝርያዎችን ለመለየትም የማይቶኮንድሪያ ጂን ይነበባል። ከሸረሪት ወደ ዝንብ ስትሄጂ የሚለወጠው እንስሳው ነው፤ አሠራሩ ያው ነው።

ስለዚህ የምታንኳኪያቸውን በሮች አስፊ። አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አሉ። ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያው ጎንደር የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ዩኒቨርሲቲውም አለ። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ ፕሮጀክት ላይ ያሉ ተመራማሪዎችን ፈልገሽ ጻፊላቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ የሆስፒታል ላቦራቶሪ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የሕክምና ላቦራቶሪ ለተማረ ነው። የባዮሎጂ ዲግሪ ይዘሽ እዚያ ስትወዳደሪ ጊዜሽን አታባክኚ። ለማስተርስም ከአሁኑ ጋት ለሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተዘጋጂ። የሕክምና ኢንቶሞሎጂ (በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ማጥናት) ወይም ባዮኢንፎርማቲክስ (የዲኤንኤ ዳታን በኮምፒውተር መተንተን) ብትይዢ ደስ ይለኛል።

ኢንተርቪው ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርልሽም፦ «ለምን ማይቶኮንድሪያ ብቻ?» ይህን አትፍሪው። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ነው። የሠራሽው የዘር ሐረግ የሚናገረው የእናቶችን መስመር ነው። ሁለት ዝርያዎች ድሮ ተዳቅለው ከሆነ ሊያሳስትሽ ይችላል። 37ቱም ጂኖች አብረው ስለሚወረሱ እንደ 37 ምስክር አይቆጠሩም፤ ምስክሩ አንድ ነው። በሸረሪት ጥናት ጂን ሲበዛ መልስ የተለወጠበት ጊዜም አለ። ክብ ድር የሚሠሩት ሁለት ቡድኖች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጡ ሁለት ጥናቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ የኒውክሊየስ (ከማይቶኮንድሪያ ውጭ፣ በሴሉ እምብርት ያሉ) ጂኖችን አይተው ሁለቱን ለያዩዋቸው። ይህን ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። የሥራውን ጉድለት የሚያውቅ ሰው ይታመናል።

ስለ ውጭ አገሩ ተመራማሪ እንነጋገር። ሰውየው ክፉ ነው አልልም። ግን ሸረሪት በፖስታ ከትተሽ እንዳትልኪ! በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ለመጠቀምና ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ገብቶ መሰብሰብማ ሌላ ፈቃድ አለው። ሰውየው ከዩኒቨርሲቲሽ ጋር ይጻጻፍ፤ ስምሽም በጽሑፉ ላይ እንደሚኖር ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስማማ።

ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ አያያዙን እወቂበት። ያደገ ሸረሪት ያዢ፤ ዝርያው የሚለየው በመራቢያ አካሉ ስለሆነ ጫጩቱን ስም መስጠት ያስቸግራል። ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ። የፋርማሲው 70 በመቶ ቅርጹን ቢያቆይም ለዲኤንኤ ይደክማል፣ አረቄማ ከዚያም ያነሰ ነው። ለዲኤንኤ አንድ ሁለት እግር ይበቃል። ቀሪው አካል ቦታና ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ነገ ሌላ ሰው «እውነት እሷ ናት?» ሲል የሚያየው እሱን ነው።

ፒችትሪውን ተማሪ ብለውሻል። ለጊዜው ገቢ የሚያስገኝልሽ ከሆነ ተማሪው፣ ነውር የለውም። ግን ማታ ማታ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና አር (R) የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ቋንቋ ተለማመጂ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኔትወርኩ ደካማ ነው ብለሽኛል፤ የአንዲት ሸረሪት ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም 15 ኪሎባይት አካባቢ ናት። በስልክሽ ከምታነሺው አንድ ፎቶ በጣም ታንሳለች። የሠላሳ ዝርያ የዘር ሐረግም ያቺው ያረጀች ላፕቶፕሽ ትሠራዋለች።

ሲቪሽ ላይ ከርዕሱ ሥር እንዲህ የሚል ጨምሪ፦ «የአንድ ዘላይ ሸረሪት 37 የማይቶኮንድሪያ ጂኖችን ለየሁ፤ ፕሮግራሙ ያለፋቸውን 3 የቲአርኤንኤ ጂኖች በእጅ ንጽጽር አገኘሁ።» በራስሽ አነጋገር አስተካክይውና እስከ ዓርብ ላኪልኝ። ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን።