ባሕር ማዶ ለምትሻገሩ የባሕር ዳር አካውንታንቶች

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ውጭ ብንሄድ በሙያችን እንሠራለን ወይስ ዲግሪያችን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል?» ትሉኛላችሁ። በዲቪ የምትሄዱትም፣ ባለቤታችሁ ካናዳ ሆና የምትጠብቃችሁም፣ ለዱባይ ውል የፈረማችሁትም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

ትሠራላችሁ። ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምላችሁ። ከዚህ ከተማ ወጥቼ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት በሂሳብ ሥራ ኖሬያለሁ። ከእኛ አገር ዲግሪ ይዘው የመጡ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። በሙያቸው የገቡት ሁልጊዜ ጎበዞቹ አልነበሩም። እንግሊዝኛቸው የሚፈስም አልነበሩም። አብዛኞቹ ከሂሳብ ሥራ ብዙ ሳይርቁ የቆዩት ናቸው።

መራቁ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ሰው እንደገባ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የቤት ኪራይ አለ፣ ለቲኬት የተበደረው አለ፣ ከዚህ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ፓርኪንግ ይገባል፣ መጋዘን ይገባል፣ ታክሲ ይነዳል፣ ወይ አረጋውያን ይንከባከባል። የተከበረ ሥራ ነው፤ የስንቱን ቤት አቁሟል። ግን «ለጊዜው ነው» ተብሎ ይጀመርና ሁለተኛ ፈረቃ ይጨመርበታል። ኦቨርታይም ይለመዳል። መኪና በዱቤ ይገዛል። ከዚያ አንድ ቀን በሂሳብ ክፍል የመግቢያ ሥራ ይገኛል። የሰዓት ክፍያው ግን አሁን ከሚያገኘው ያንሳል። ወርዶ ለመጀመር አቅሙም ልቡም የለውም። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ያልፋል። ቀጣሪ ሬዙሜውን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያየው ለመጨረሻ ጊዜ ሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) የነካው መቼ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አደራ እላችኋለሁ። ለኑሮ የሚሠራውን ሥሩ። ከጎኑ ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓትም ቢሆን እጃችሁ ላይ ሂሳብ ይኑር። ለዚህ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። «ሁለት ዓመት ትንሽ ትንሽ ነው የምልከው፤ ቀሪውን ለትምህርትና ለሙያ ፈተና ነው የማውለው» በሉ። እናት ልጇ ምን ላይ እንዳለ ካወቀች ትታገሳለች። ሳይነገራት ሲቀር ነው ቅሬታው የሚመጣው፤ ልጅም በይሉኝታ ሦስተኛ ፈረቃ የሚገባው ያኔ ነው። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ የሐበሻ እቁብ አታጡም። የፈተና ክፍያን በእቁብ የሸፈኑ ልጆች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ይህ ባሕር ዳር ሳላችሁ ማለቅ ያለበት ሥራ ነው፤ እዚያ ሆናችሁ ከጀመራችሁት ወራት ይበላባችኋል።

ኮስት ሼሪንጉን ዝጉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የወጪ መጋራቱን ሳይጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪውን አያወጣም። ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት) ብቻ ይዞ የሄደ ልጅ እዚያ ሲደርስ የትምህርት ማስረጃ የሚገመግመው ድርጅት «ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ ይምጣልኝ» ይለዋል። ከዚያ እህቱ ከሥራዋ እየቀረች ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ስትመላለስ ትከርማለች። አትፍረዱባት፤ እናንተ እያላችሁ በጥቂት ቀን የሚያልቀው ለሌላ ሰው በውክልና ነው የሚሆነው።

ስማችሁንም ተመልከቱ። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ዲግሪ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዲት ፊደል ናት ብላችሁ አትለፏት። እዚህ ሳላችሁ አስተካክሏት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የእኛ ደብዳቤ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ተገቢው የሥራ ግብርም ተከፍሏል» ይልና ክብ ማህተም ይመታበታል። ለእዚህ አገር ይበቃል። እዚያ ግን ማህተሙን የሚያይ የለም። ምን እንደሠራችሁ ነው የሚጠይቁት። ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩንና የመዝገቡን ሂሳብ ማመሳከር) ትሠሩ ነበር? ፔይሮል (የደመወዝ ሂሳብ) ትዘጉ ነበር? የስንት ቅርንጫፍ ሂሳብ ነበር የምታጠቃልሉት? አለቃችሁን ለምናችሁ ይህ በእንግሊዝኛ የተዘረዘረበት ደብዳቤ አስጽፉ። የአለቃችሁን ኢሜልም ያዙ፤ ሊጽፉለት ወይም ሊደውሉለት ይችላሉ።

ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የምንለው የበጀት ዓመት በእነሱ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ነው። በ2012 ዓ.ም. ተቀጥሮ «2012» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት የሌለ ልምድ የጨመረ ይመስልበታል። ማጣራት ሲጀመር ይህ ውሸት ተብሎ ነው የሚያዘው። ሬዙሜያችሁ ላይ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ያገባ ያላገባ የሚለው አይግባ። አሜሪካ ቀጣሪዎች እንዲህ ያለውን ማየት አይፈልጉም።

«እኔ ትልቅ ድርጅት አልሠራሁም» ብላችሁ የምታፍሩ አላችሁ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ጣና ዳር የዓሣ አስጋሪዎች ማህበር ሂሳብ የያዘችን ልጅ አስቧት። ጠዋት ዓሣው ሲገባ ትመዝናለች፣ ለየአባሉ ትመዘግባለች። ቀረሶው በአንድ ዋጋ፣ አምባዛው በሌላ ዋጋ። ሳይሸጥ የተበላሸውን ትቀንሳለች። ለሆቴል በዱቤ የሄደውን ትከታተላለች። ዓመቱ ሲያልቅ የአባላቱን የትርፍ ድርሻ ትሠራለች። ይህ ኢንቬንቶሪ ነው፣ ሪሲቨብል ነው፣ የካሽ ቁጥጥር ነው። በእንግሊዝኛ በትክክል ሲጻፍ ቨርጂኒያ ያለ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ይገባዋል። አሁን ጸደይ ባንክ በሆነው በቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በየወረዳው ብድር ያስመለሳችሁም እንደዚያው። የብድር ክትትል እዚያም ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው።

የማይሻገረውንም እወቁት። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት እኛ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ ገብተናል። አሜሪካ ግን ዩኤስ ጋፕ የሚባለውን የራሱን የሂሳብ ደንብ ነው የሚጠቀመው። ላይፎ፣ ማለትም መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ ቆጥሮ ማስላት፣ በአይኤፍአርኤስ ክልክል ነው፤ እዚያ ይፈቀዳል። ሕንፃንና መሬትን በአዲስ ግምት ከፍ አድርጎ መመዝገብ በአይኤፍአርኤስ ይቻላል፤ በዩኤስ ጋፕ አይቻልም። ቫት የሚባል ነገር የላቸውም፤ እንደየስቴቱ የሚለያይ ሴልስ ታክስ ነው ያላቸው። ይህን በኢንተርቪው ላይ ተረጋግታችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ የውጭ ዲግሪ መያዛችሁ አይጎዳችሁም። ሁለት ሥርዓት የምታውቁ ሰዎች ትሆናላችሁ።

ሶፍትዌር ላይ አትጨነቁ። ፒችትሪን የምታውቁ ሰዎች ኩይክቡክስን ቶሎ ትለምዱታላችሁ። የኩይክቡክስ ኦንላይን ፕሮአድቫይዘር ሥልጠናና ፈተናው በነፃ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቀን የሥልጠና ቪዲዮዎችን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል የማይሠራ አካውንታንት ግን እዚያ ይቸገራል፤ ይህን እዚሁ ጨርሱት።

ሥራ ስትፈልጉ «አካውንታንት» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ አትከታተሉ። አካውንትስ ፔየብል፣ አካውንትስ ሪሲቨብል፣ ፔይሮል ክለርክ፣ ቡክኪፐር የሚሉትን ፈልጉ። በጊዜያዊነት የሚያስቀጥሩ ኤጀንሲዎችም አሉ፤ እንደ ሮበርት ሃፍ ያሉት የሂሳብ ሰው ነው የሚያገናኙት። የሦስት ወር ሥራ አትናቁ። በሦስት ወር ውስጥ የወር መጨረሻ ሂሳብ ሦስቴ ይዘጋል፤ የአሜሪካ ልምድ ማለት ይሄ ነው።

ፓርኪንግ ገባችሁ እንበል። እዚያም መንገድ አለ። ካሸር በየፈረቃው ትኬቱንና ገንዘቡን አመሳክሮ ሪፖርት ያደርጋል። ይህን ሪፖርት ቢሮ ውስጥ የሚያጣራ ሰው አለ። አንዲት የደብረ ታቦር ልጅ የፈረቃ ሪፖርቷን አንድ ቀን ሳታዛንፍ ስትልክ ቆይታ፣ «ቢሮው ሰው ሲፈልግ አስቡኝ፤ ትምህርቴ አካውንቲንግ ነው» ብላ ለማናጀሯ ነገረችው። ክፍት ቦታ ሲገኝ ጠሯት። አብረዋት የነበሩ ዲግሪ ያላቸው ሌሎች ልጆች ግን መማራቸውን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ልጆቼ፣ ተናገሩ። እኛ ሰው ሳይጠይቀን ስለ ራሳችን ማውራት ነውር ሆኖብን አድገናል። እዚያ ግን ካልነገራችሁት ማንም አያውቅላችሁም።

ከሁሉም በላይ የማምንበት መግቢያ የግብር ወቅት ነው። አሜሪካ የግለሰብ ግብር ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀን በመደበኛው ኤፕሪል 15 ነው። ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ቢሮዎች ሰው ይፈልጋሉ። ቪታ የሚባል የአይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የበጎ ፈቃድ ፕሮግራምም አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነባቸው ሰዎች ግብራቸውን በነፃ ይሠራል። ሥልጠናውን በነፃ ይሰጧችኋል፣ ትፈተናላችሁ፣ ከዚያ የሠራችሁትን ሌላ ሰው እያረመላችሁ የእውነተኛ ሰው ግብር ትሠራላችሁ። ደመወዝ የለውም። ግን ሬዙሜያችሁ ላይ የአሜሪካ ሥራ ይገባል፣ የሚመሰክርላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ ሕጉንም ትማራላችሁ። አማርኛ መቻላችሁ ደግሞ እዚያ ይፈለጋል፤ ኡበር የሚነዱ የእኛ ሰዎች የራሳቸውን ሥራ እንደሚሠሩ ስለሚቆጠሩ ስኬጁል ሲ የሚባለውን የግል ሥራ ገቢ ቅጽ መሙላት አለባቸው፣ የሚያስረዳቸው ግን ያጣሉ።

ግብሩን ከወደዳችሁት ኤንሮልድ ኤጀንት፣ ማለትም ከአይአርኤስ ፈቃድ ያለው የግብር ባለሙያ፣ ሁኑ። ሦስት ክፍል ያለው ፈተና ነው፤ እያንዳንዱ 100 ጥያቄ አለው። ዲግሪ አይጠይቅም፣ ስለዚህ የትምህርት ግምገማ ሳትጠብቁ መጀመር ትችላላችሁ። ሲፒኤ፣ የአሜሪካ የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ፣ ረዘም ይላል። አራት ፈተና ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሦስቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆኑ አራተኛውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ማለፊያው 75 ነው። ለፈቃዱ ብዙ ስቴቶች 150 የክሬዲት ሰዓት ሲጠይቁ ኖረዋል፤ አሁን አማራጭ እየጨመሩ ያሉ ስላሉ የምትኖሩበትን ስቴት ቦርድ ሕግ አንብቡ። የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላችሁ ተመራቂዎች ገምጋሚው እንደ ሙሉ ባችለር ላይቆጥርላችሁ ይችላል። ያኔ አትደንግጡ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጎደለውን ክሬዲት ማሟላት ይቻላል፤ ዋጋውም ከዩኒቨርሲቲ ይረክሳል።

ስለ ሌሎቹ አገሮች አጠር ላድርገው። ካናዳም እንደ ቪታ ያለ የበጎ ፈቃድ የግብር ፕሮግራም አለ፤ እዚያ የግለሰብ ግብር ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 30 ነው። ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ገልፍ የምታስቡ እዚህ ሳላችሁ ኤሲሲኤ የሚባለውን የእንግሊዝ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ ጀምሩ። 13 ፈተና ነው፤ ዲግሪያችሁ ከፊሉን ሊያስቀርላችሁ ይችላል። የሚጠይቀው የ36 ወር የሥራ ልምድ ባሕር ዳርም ተሠርቶ ይቆጠራል። አሜሪካ ግን የሲፒኤ ፈቃድን አይተካም። ኤምሬትስ 5 በመቶ ቫት የጀመረችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኮርፖሬት ታክስ ደግሞ ከ2023 ወዲህ የመጣ ነው። ሳዑዲ ቫቱ እንደኛው 15 በመቶ ነው። ስለዚህ የቫት ሂሳብ ያሳወቀ፣ አይኤፍአርኤስ የተማረ ልጅ እዚያ የሚሸጠው ነገር አለው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱን በጣም አጥብቄ ነው የምላችሁ። በእኛው ሰፈር ግብር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ሐቀኞች ናቸው። ጥቂቶቹ ግን የሌለ ልጅ ይጨምራሉ፣ ያልወጣ ወጪ ይጽፋሉ፣ ተመላሹን አሳድገው ከላዩ ይቆርጣሉ። አዲስ የመጣ ልጅ ይቀጥሩና «አንተ ሙላ፣ መፈረም አያስፈልግህም» ይሉታል። ሕጉ ግን ተከፍሎት ግብር የሚሠራ ሰው ፒቲን የሚባል የግብር አዘጋጅ መለያ ቁጥር አውጥቶ እንዲፈርም ያዛል። ሳይፈርም የሚሠራ ሰው ሕገ ወጥ ነው። ነገሩ ሲወጣ የሚከፍለው ግብሩን ያሠራው ታክሲ ነጂ ወገናችን ነው፤ ከነወለዱና ከነቅጣቱ። እናንተም ኤንሮልድ ኤጀንት ልሁን ስትሉ የኋላ ታሪካችሁ ይጣራል። እንዲህ ያለ ቢሮ ከገጠማችሁ በመጀመሪያው ቀን ውጡ። የቪታ ማዕከሎች የግብሩ ወቅት ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት በጎ ፈቃደኞችን ይመዘግባሉ፤ ሄዳችሁ እዚያ ተመዝገቡ።