መልስ፦ የሲንጀር እግር ላይ የአሮጌ በር ጣውላ ስለመግጠም

እህቴ፣ የሲንጀር ስፌት መኪናው እግር ላይ ብረት አስበይጄ፣ የአሮጌውን በር ጣውላ ገጥሜበት ጠረጴዛ ላድርገው ወይ ብለሻል። ብየዳውን ተይው! እግሩ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት) ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከጎኑ ይሰነጠቃል። አናቱ ላይ የድሮው ጣውላ የታሰረባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ እነሱ ይበቃሉ።

ዋናው ጉዳይ እንጨቱ ነው። ጣውላ በክረምት በወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፤ ጥርቅም አድርገሽ ካሰርሽው መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብሎኑ ከቀዳዳው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይቅጠን፣ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት፣ እጅግም አይጥበቅ። ጣውላው 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ብሎኑ ውስጡ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይግባ።

ወርዱን ከ60 ሳንቲ ሜትር አታሳልፊው። እግሩ ጠባብ ስለሆነ ሰው ጠርዙ ላይ ሲደገፍ ይገለበጣል።

የበሩ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በደረቁ አትፈግፍጊው፣ ውኃ እያርከፈከፍሽ፣ ማስክ አድርገሽ፣ ልጆችን አርቀሽ ሥሪ። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ለቆ እንጨቱ ሲደርቅ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረሽ በ120 እና በ180 ጨርሺ። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀቢ፤ የመጀመሪያውን በቲነር አቅጥኚው። የታችኛውንም ፊት መቀባት ግድ ነው፤ አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ ጣውላው ይጎብጣል።

ብረቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተሽ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቢው። ፔዳሉንና መዘውሩን በሽቦ እሰሪያቸው፣ የሕፃን ጣት ይቆረጥማሉ።